ከጓሮው ግንብ ሆድ

ክረምት፣ እሑድ ረፋድ፣ አዲስ አበባ፤ ለፎቅ ከተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ባለ ግቢ፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ በሰርቪስ ቤት ተከራያቸው በሚልኪያስ በር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

ዘውድነሽ፦ አልሰማህም! ወሩ እስኪሞላም አልታገሥህም። ዛሬውኑ ጓዝህን ሸክፍ።

ሚልኪያስ፦ እትዬ ዘውድነሽ፣ መጀመሪያ ይግቡ። ዝናቡ እየመታዎት ነው።

ዘውድነሽ፦ እዚህ? ሰይጣን ስትጠራበት የከረምክበት ቤት? ጎረቤቱ ምን እንደሚል ታውቃለህ? «የዘውድነሽ ተከራይ ሙት ያናግራል።»

ሚልኪያስ፦ ሙዚቃ እኮ ነው።

ዘውድነሽ፦ ሙዚቃማ ክራር አለው፣ ዘፋኝ አለው፣ እስክስታ ይወረድበታል። ባንተ ግን ወደ መቃብር ነው የሚወረደው።

ሚልኪያስ፦ እንዲህ አሳምሮ የገለጸልኝ ሰው የለም።

ዘውድነሽ፦ ትቀልዳለህ? ባሌን ደጀኔን ገደልክብኝ እኮ! ስትሮኩ ከመታው ወዲህ ቃል ያልወጣው ሰውዬ፣ ትናንት በደኅናው እጁ ግድግዳውን እያሳየኝ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያንተ ጉርምርምታ በግድግዳው እየገባ ነው።

ሚልኪያስ፦ የትኛውን ግድግዳ ነው ያሳዩዎት?

ዘውድነሽ፦ የጓሮውን ነዋ። አልጋው የተጠጋበትን።

ሚልኪያስ፦ ጉድጓዱ በኩል ያለውን?

ዘውድነሽ፦ ምነው ፊትህ ዐመድ መሰለ?

ሚልኪያስ፦ እትዬ፣ እኔ ከሐሙስ ወዲህ ድምፅ አውጥቼ አላጫወትኩም። ጎረቤት ተቆጣ ብዬ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነው የምሠራው።

ዘውድነሽ፦ ውሸታም! ታዲያ እሱ የሚሰማው የማንን ነው?

ሚልኪያስ፦ ይግቡና ይስሙት። ከዚያ በኋላ ውጣ ካሉኝ ቃል አልመልስም።

ዘውድነሽ፦ በሩ አይዘጋ እንጂ… በስመ አብ! ይህ ሁሉ ሽቦ ምንድን ነው? በመስኮት ወጥቶ የት ይሄዳል?

ሚልኪያስ፦ ጓሮ። ጫፉ ላይ ሳንቲም የምታክል ማይክ አለች፣ አፈሩ ወደ ጉድጓዱ እንዳይናድ የያዘው ግንብ ላይ ለጥፌያታለሁ። እሷ የሰው ወሬ አትሰማም፤ የተለጠፈችበትን ነገር ሆዱን ነው የምትሰማው።

ዘውድነሽ፦ የግንብ ሆድ! ሥራ አጣህ?

ሚልኪያስ፦ ሥራዬ እኮ ይኸው ነው። ወፍጮ፣ ጄኔሬተር፣ የዛገ የውሃ ታንከር፤ ሰው ጆሮውን ይዞ የሚሸሸውን እለቅማለሁ። የማይወደድ ድምፅም ሰሚ ይፈልጋል።

ዘውድነሽ፦ የሚፈልግህ ሐኪም ነው። በል አሰማኝ።

ሚልኪያስ፦ ይህ የዛሬ ሁለት ሳምንቱ ነው።

ዘውድነሽ፦ ኧረ ይኼ ጉርምርምታ… ቆይ። ከሥር «ቋ» የሚለው ምንድን ነው?

ሚልኪያስ፦ በደቂቃ አንድ ጊዜ ነበር። ይኼ ደግሞ የዛሬ ጠዋቱ።

ዘውድነሽ፦ እንደ በቆሎ ይፈነዳል እኮ! ተው… አጥፋው። አጥፋው ብዬሃለሁ!

ሚልኪያስ፦ እትዬ፣ ይቀመጡ። ምን ሆኑ?

ዘውድነሽ፦ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ሚልኪያስ፦ ከየት?

ዘውድነሽ፦ እኔ የገደል ሥር ልጅ ነኝ፣ ከደብረ ሲና በታች። ያጎቴ የይፍሩ ቤት ከተራራው ግርጌ ነበር። ሦስት ቀን መሬቱ እንዲህ አለ። ውሾቹ ቀድመው ወጡ። እኛ ጅብ ሸትቷቸው ነው አልን። በሦስተኛው ቀን ተራራው ተነሥቶ መጣ። አምስት ነፍስ ነው ያለቀው፤ ለመቅበር ያገኘነው ሁለቱን ነው።

ሚልኪያስ፦ እኔም የእግዜርን እውነት ልንገርዎ። መጀመሪያ ስሰማው ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ ገጥሞኝ አያውቅም። ስቆርጥ ስቀጥል፣ ሳዘገይ ሳጎላ ሰነበትኩ። ምን እያለ እንደሆነ ለመጠየቅ ከዐሥር ቀን በላይ ፈጀብኝ።

ዘውድነሽ፦ ዝም ብለህ ስትጫወትበት ከረምክ?

ሚልኪያስ፦ አዎ። ሐሙስ ዕለት ነው የነቃሁት። ሮጬ ለፎቁ ኢንጂነር አሰማሁት። «የማሽን ንዝረት ነው፣ ዘፈንህን ሥራ» ብሎ ሸኘኝ።

ዘውድነሽ፦ ታዲያ እሱ የተማረ ሰው አይደለም? እኔንም «እናቴ፣ ይህ ግንብ ተራራ ይሸከማል» ብሎኛል። ማሽን ነው ካለ ማሽን ነው!

ሚልኪያስ፦ ዛሬ እሑድ ነው፣ እትዬ። ጉድጓዱ ውስጥ ዘበኛ እንኳ የለም።

ዘውድነሽ፦ እውነትህን ነው፣ ዛሬ ማሽን አልሰማሁም።

ሚልኪያስ፦ እንውጣ። ጋሽ ደጀኔን እኔ አዝላቸዋለሁ።

ዘውድነሽ፦ የት? በዚህ ዶፍ አልጋ የያዘ ሰው ይዤ የት ልግባ? ይህን ቤት ማን እንደሠራው ታውቃለህ? ብሎኬቱን በትከሻው ያመላለሰው እሱ ነው። ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ። አንድ ፍራሽ ይዞ የመጣ ተከራይ ነው ከቤቴ የሚያስወጣኝ?

ሚልኪያስ፦ አሁን እርስዎ ነዎት እኔን ሲያስወጡ የነበሩት።

ዘውድነሽ፦ አፍህን ያዝ! እስከ ነገ እንታገሥ። ሰኞ ጠዋት ወረዳ ሄጄ አቤት እላለሁ። ቢሮው ሳይከፈት ደጃፉ ላይ እገኛለሁ።

ሚልኪያስ፦ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ እትዬ። ግንቡ ሰኞን ላይጠብቅ ይችላል።

ዘውድነሽ፦ አትተርትብኝ! እኔም ተረት አላጣሁም፤ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይባላል፤ ታዲያ በፍርሃት ቤት ይፈታል?

ሚልኪያስ፦ ጋሽ ደጀኔ አልፈሩም። መናገር ስላልቻሉ ነው ያለቀሱት። የሚነግሩዎት ነገር ነበራቸው።

ዘውድነሽ፦ እግዚኦ… እኔ ደግሞ ዝም በል ብዬ ተቆጣሁት። «ሙዚቃ ነው፣ ተኛ» አልኩት።

ሚልኪያስ፦ እትዬ፣ ይነሡ።

ዘውድነሽ፦ ቆይ! ቆይ ትንሽ ላስብበት። መጀመሪያ ይህን ቋቋታ አጥፋልኝ፣ ጭንቅላቴን በጠበጠው!

ሚልኪያስ፦ ሶኬቱን እኮ ቅድም አጥፋ ሲሉኝ ነቅዬዋለሁ፤ ይኼ ከራሱ ከግንቡ ነው… ይሩጡ፣ እርስዎ ጋሽ ደጀኔን በእግራቸው በኩል ይያዙልኝ።