ከደጅ የምቀርበት ሰሞን

የሚጥል በሽታዬ ሲመጣ መጀመሪያ ድምፅ ይርቅብኛል። ያን እሑድም ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ ቅዳሴውን ስሰማ፣ ዜማው ከውኃ ሥር የሚመጣ መሰለኝ፤ የሰዉ ነጠላ ሁሉ እንደ ደመና ተንሳፈፈ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። ስነቃ ራሴ አማቴ ጭን ላይ ነው። "አየሽ ጓለይ፣ ገብተሽ ስታስቀድሺ ደህና ነሽ። ከደጅ ስትቀሪ ነው የሚጥልሽ" አሉኝ፣ ፊቴን እየጠረጉ። እውነታቸውን ነው፤ ሁሌም እንደዚያው ነበር። እኔም እግዜር ፊቱን የሚያዞርብኝ ሰሞን አለ ብዬ አምኜ ነበር የምኖረው።

ዓይደር ሆስፒታል ለምትከታተለኝ ሐኪም ይህንኑ ብነግራት፣ "ከደጅ የምትቀሪው መቼ መቼ ነው?" አለችኝ። "የወር አበባዬ ሲመጣ ነዋ" አልኳት። "በዚያ ሰሞን የሴት ሆርሞን ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንዳንድ ሴቶች በሽታው የሚበረታባቸው ያኔ ነው። ከደጅ ስለቀረሽ አይደለም የምትወድቂው። መድኃኒትሽን እሱን አይተን እናስተካክላለን" አለችኝ።

ለአማቴም ይህንኑ ነገርኳቸው። በወሩ ከደጅ ስቆም መጥተው አጠገቤ ቆሙ። "አደይ፣ አይገቡም እንዴ?" አልኳቸው። "ከዚህም ይሰማል" አሉኝ፣ ክንዴን ያዝ አድርገው።