«ለባዳው እፈርዳለሁ»

በደርግ ጊዜ፣ ጋፋት ላይ የገበሬ ማኅበራችን የፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ ሊመረጥ ነው። ዕጩዎቹ ወንድሜ ደሴና ጎረቤታችን አያሌው ናቸው። የየዕጩው ዘመድ ገና በጧት ከኋላው ተሰልፏል፤ ልቡ ያልቆረጠው መሀል ሜዳ ተቀምጦ ክርክራቸውን ያዳምጣል። አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ወንድማችሁና ባዳ ወሰን ተገፋፍተው ቢመጡ ለማን ትፈርዳላችሁ?» አሏቸው። ደሴ ያደላል እንዳይባል ቸኩሎ «ለባዳው!» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። ወንድሙ እኔ መሆኔ ትዝ ያለኝ አጨብጭቤ ስጨርስ ነው! አያሌው ግን «ሳልሰማ አልፈርድም» ብሎ ቁጭ አለ።

 መሀል ሜዳ የተቀመጠው ሰው አንድ ሁለት እያለ እየተነሣ ከአያሌው ኋላ ቆመ። የእኛ ዘመድ ንቅንቅ አላለም፤ እኔም አላልሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ የማኅበሩ አባል እናቴ ናት። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ከእኛ ሰልፍ ወጣችና ወደ አያሌው ሰልፍ ተሻገረች። «እማዬ!» ብሎ ጮኸ ደሴ። «ልጄ፣ እኔስ ተከስሼ ብመጣ የሚሰማኝ አልሻም?» አለችው።

አያሌው ተመርጦ ስንበተን አንድ እንግዳ «የማን ልጅ ነህ?» ቢለኝ፣ የአባቴን ስም ትቼ «የሷ!» ብዬ በጣቴ አሳየሁት።