ሰው የሞላበት ባዶ ሱቅ

እትዬ መጋረጃ የራስ ምታት ኪኒን ሊገዙ መድኃኒት ቤት ተሰልፈው ሳሉ፣ ከፊታቸው የቆመው ወጣት ዞር ሲል የጎረቤታቸው ልጅ ሆነ። ወጣቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። እሳቸው ደግሞ መጋረጃ እያሰፉ ሲሸጡ ስለኖሩ፣ ሰፈሩ ዋናውን ስማቸውን ከረሳው ቆይቷል።

«ምነው እትዬ፣ ፊትዎ ጠቆረብኝ?»

«ምን ላድርግ ልጄ። የኢንተርኔት ሱቅ ክፈቺ ብለው አስከፈቱኝ። ገጹ ግን ይሽከረከራል እንጂ አይከፈትም፤ ገዢውም ታክቶት ይሄዳል። ልብስ ሰፊዬን ከነገ ጀምሮ አትምጪ ብያት መምጣቴ ነው። አብራኝ ያረጀች ሴት እኮ ናት፤ አንጀቴ አርሯል።»

ኪኒኑን ገዝተው ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እትዬ የገጹን የይለፍ ቃል ጮክ ብለው ሊነግሩት ሲሉ ወጣቱ በስንት ልመና በጆሮው እንዲያንሾካሹኩለት አደረገ። ከዚያ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ቆየ።

«ሱቅዎ ውስጥ እኮ ብዙ ሰው አለ። የሚገዛ ግን የለም።»

«እነሱማ ዘመዶቼ ናቸው» አሉ ኮራ ብለው። «ሰው ሰውን ይስባል። ድሮም ገበያ ሲቀዘቅዝ እህቶቼን ሱቁ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር። አሁንም ገጹን እየደጋገማችሁ ክፈቱት ብዬ ለሁሉም ደውያለሁ። አማቾቼ እንኳ እሺ ብለውኛል።»

ወጣቱ ሳቁን ዋጠ። መሳቅም አይገባውም ነበር፤ ዕድሜ ልክ ያበላን ብልሃት አንድ ቀን እንቅፋት ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

«እትዬ፣ ሰርቨሩን፣ ማለት ገጹን ለሰው የሚያቀርበውን ኮምፒውተር፣ ከባንኮኒ ጀርባ የቆመ አንድ ሻጭ ነው ይበሉት። ዘመዶችዎ አሳየን እያሉ ሲያዋክቡት፣ እውነተኛው ገዢ በር ላይ ቀረ። ዘመዶችዎን ደግሞ ማንም አያያቸውም።»

«አንተ አየሃቸው አይደል?»

«እኔ በነገሩኝ የይለፍ ቃል፣ በጓዳ በር ገብቼ ነው።»

እትዬ ጭራሽ ዞረባቸው። ሰው ሞልቶ የማይታይበት፣ በረንዳ ሳይኖረው ጓዳ ያለው፣ ይህ ምን ዓይነት ሱቅ ነው?

«ሌላም አለ» አለ ወጣቱ። «ሻጩ ለጠየቀው ሁሉ ገጹን ከባዶ ይሠራል። አንዴ የሠራውን አስቀምጦ ለሚቀጥለውም እንዲያሳይ ልዘዘው።»

«የከረመ ነገር ለደንበኛ? በምን ዓይኔ የሰው ፊት አያለሁ?»

«ዋጋ ሲቀይሩ አሮጌው ተጥሎ አዲስ ይሠራል። እርስዎስ ሱቅዎ ናሙና ሰቅለው አይደል የሚያሳዩት? ወይስ ላየ ሁሉ አዲስ ያሰፋሉ?»

«እሱማ ቂልነት ነው።»

«ሰርቨሩም እስካሁን የሚሠራው ይህንኑ ነው።»

እትዬ ጓዳውና በሩ አሁንም አልገባቸውም፤ ናሙናው ግን ገባቸው። «በል እዘዘው» አሉና ለዘመድ ሁሉ እየደወሉ፣ የማይገዛ እንዳይገባ አሉ። ወጣቱም ቅንብሩን አስተካከለ። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። እንዲህ ነው፤ ሰርቨር ለከንቱ ሥራ ካልደከመ ገዢ አይጉላላም፣ ገዢ ካልተጉላላም ሠራተኛ እንጀራዋን አታጣም። ኪኒኑ ከማሸጊያው ሳይወጣ የአንድ ሙሉ ቤት መጋረጃ ታዘዘ።

እትዬ ልብስ ሰፊዋ ጋ ደወሉ።

«ነገ ግቢ። ሥራ መጣ።»

«እኔም ምናልባት ትእዛዝ ቢመጣ ብዬ፣ ካሰናበቱኝ ጀምሮ ገጹን ስከፍት ስዘጋ ነበር» አለች። «አሁን ልተወው?»

«ተይው እህቴ» አሉ እትዬ፣ እንባቸው እየመጣ። «ተይውና አረፍ በይ።»