ከበረቱ ጣሪያ የወረደው አይሪስ

ዛሬ የምናከብራቸው እትዬ ሻሂዳ ወደ ትምህርት ቤታችን ተዛውረው የመጡ ዕለት ከረጢታቸውን በመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። እኔ ቀልጣፋው አንዱን ሥር አወጣሁና ለሻዩ መክተፍ ጀመርኩ። «ልጄ፣ ዝንጅብል አይደለም፤ የእናቴ የአይሪስ አበባ ሥር ነው» አሉኝ። እንግዲህ የባዮሎጂ መምህሩ እኔ ነኝ።

ከቢላዬ የተረፈውን ለሁላችንም አካፈሉን። ነጭ፣ ወይን ወይን የሚሸት፣ ውርጭ የማይበግረው የድሮ ዘር ነው። እናንተ ባልደረቦቼ ግቢያችሁ ተከላችሁ። እኔን ግን፣ አይሪስ በእኛ አገር መቃብር ላይ ስለሚተከል፣ አማቴ በር ላይ ያዙኝ፦ «የመቃብር አበባ ደጄ ላይ? በቁሜ ልትቀብረኝ ነው?» ምን ላድርግ፣ የላም በረቱ የአፈር ጣሪያ ላይ ወጥቼ እንደ ድንች አጥልቄ ቀበርኩት። እትዬ ሲሰሙ «አልታፍ፣ የሥሩ ጀርባ ፀሐይ ካላየ አያብብም» አሉኝ። እሺ አልኩና ተውኩት። እውነትም አላበበም። እናንተም «የጣሪያው ገበሬ» ብላችሁ ስም አወጣችሁልኝ።

ከዚያ የጄለም ወንዝ ሞልቶ የእትዬንም የእናንተንም ግቢ ደለል አለበሰው፤ አይሪሱም ሁሉ ጠፋ። እትዬ ስለጠፋው የቤት ዕቃ አንድ ቀን አላወሩም፤ የእናታቸውን አበባ ግን በየሄዱበት ይጠይቁ ነበር። በየጸደዩ መቃብር ለመቃብር ስንፈልገው ከረምን። አዋቂው እኔ ከፊት ሆኜ «ተገኘ» እላለሁ፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ያሸቱና «አይደለም፣ ልጄ» ይላሉ። አንዴማ ገና ያላበበ ነው ብዬ ያሳየኋቸው የጎረቤት ባሮ ሽንኩርት ሆነ።

ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ የጣሪያውን አፈር አጥቦ የሥሩን ጀርባ ለፀሐይ ገለጠው። ጠግነው ተብዬ ሰንፌ ነበር። ባለፈው ሳምንት አማቴ «በረቱ ላይ ነጭ ነገር አለ» አሉኝ። ንፋስ የወሰደው ሸሚዜ መስሎኝ ወጣሁ።

እትዬ፣ ልጄ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ክፍሌን ሳልለምንዎ ያስተማሩልኝ እርስዎ ነዎት። በወጉ አመስግኜዎት አላውቅም፤ ዛሬ ከልቤ አመሰግናለሁ። ይኸው፣ ከነማሰሮው። ለእኔ ወይን ወይን ይሸተኛል፤ የእኔን አፍንጫ ግን ያውቁታል። እስቲ ያሽትቱት።

... ይኸው፣ ጎንበስ አሉ።

ሰማችሁ? «ነው» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ነው» አሉኝ።

በሉ እንግዲህ፣ የጨው ሻይ ስኒያችሁን ከፍ አድርጉልኝ። አማቴ «ለደጄ አንድ ቁራጭ ያስቀሩልኝ» ብለው ልከውኛል፤ አደራቸውን አድርሻለሁ። እትዬ ሻሂዳ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ፤ ጀርባዎ ፀሐይ አይጣ።