ቧንቧውን ስዘጋ አሳየኝ

ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት፣ በሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ውስጥ፤ በጽሕፈት ቤቱ የውሃ ቁጠባ ፊልም ላይ አባካኟን ሴት ሆነው የተወኑት ወይዘሮ ትደነቅያለሽና ፊልሙን ያዘጋጀው ወጣት ባለሙያ ምንተስኖት በጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተፋጠዋል።

ትደነቅያለሽ፦ ሌላ ምንም አልጠየቅሁህም። ቧንቧውን ስዘጋው አሳየኝ፤ አለቀ።

ምንተስኖት፦ እትዬ ትደነቅ፣ ፊልሙ እኮ ተጠናቋል። ድምፅ ገብቶለት፣ ሙዚቃ ገብቶለት፣ በመናኸሪያው ስክሪን ላይ መታየት ከጀመረ አሥራ አንድ ቀኑ ነው።

ትደነቅያለሽ፦ ለእኔ ትነግረኛለህ? አሥራ አንዱንም ቀን የቆጠርኩት በእግሬ ነው። ከቤቴ እስከ ምንጩ፣ ከምንጩ እስከ ቤቴ።

ምንተስኖት፦ ምንጭ ምን ሊሠሩ ይወርዳሉ? ቦኖው ከደጅዎ አይደል እንዴ?

ትደነቅያለሽ፦ ከደጄ ነው። ግን ጀሪካኔን ይዤ ስጠጋ የቦኖ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የውብዳር፣ ቁልፏን ኪሷ ትከትና "አንቺማ ቤትሽ እየፈሰሰልሽ እዚህ ምን አመጣሽ?" ትለኛለች።

ምንተስኖት፦ የት ነው የሚፈሰው?

ትደነቅያለሽ፦ በፊልምህ ላይ ነዋ!

ምንተስኖት፦ እሱማ ትወና ነው! ሰው ይህን እንዴት አይለይም?

ትደነቅያለሽ፦ በምን ይለይ? ቤቱ የእኔ ቤት፣ ጎመኑ የእኔ ጎመን፣ ቀሚሱ የእኔ ቀሚስ። "ተፈጥሯዊ ይሁን" ብለህ ጓሮዬ ድረስ የመጣኸው አንተው ነህ። ከአጥሩ ኋላ ቦቴ አቁማችሁ በውሃ ጎማ የእኔን ቧንቧ እንደሞላችሁት ማን አየ? ሰዉ ያየው ትደነቅያለሽ ጎመን ስታጥብ፣ ስልክ ሲደወልላት፣ ቧንቧውን እንደ ከፈተች ትታው ስትሄድ ነው። ጎረቤት ሁሉ "ለካ ለእሷ ብቻ ይለቁላታል" አለ። ስብሰባ ተጠራ። በሙሉ ድምፅ ከቦኖው ተሰረዝኩ።

ምንተስኖት፦ በሙሉ ድምፅ?

ትደነቅያለሽ፦ እኔም እጄን አውጥቼ ነበር እኮ። ስለ ሌላ አባካኝ የሚወራ መስሎኝ።

ምንተስኖት፦ በጣም አዝናለሁ፣ እትዬ። ከልቤ ነው።

ትደነቅያለሽ፦ ቆይ፣ ገና ነው። መጨረሻው ላይ ውሃው በቦዩ ሲወርድ ይታይና ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ "የከተማችንን ውሃ የጨረሱት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው" ይላል። ያ ድምፅ የማን ነው?

ምንተስኖት፦ የእኔ ነው።

ትደነቅያለሽ፦ ከእኔ ጋ ስታወራ ግን ቀጭን ነው።

ምንተስኖት፦ የሚያወፍረው ማሽኑ ነው።

ትደነቅያለሽ፦ እንግዲያው ማሽኑን ጥራልኝ፤ ይቅርታ ይጠይቀኝ።

ምንተስኖት፦ እትዬ ትደነቅ፣ እባክዎ ይቀመጡ። ቆመው ሲያወሩ እኔም እጨነቃለሁ።

ትደነቅያለሽ፦ ወገቤ አይታጠፍም፤ ሃያ ሊትር ተሸክሞ ዳገት የወጣ ወገብ ነው። ሰፈር ውስጥ የወጣልኝን ስም ሰምተሃል? "እትዬ ፏፏቴ"። የሦስት ዓመት ሕፃን፣ "እማዬ" ማለት ሳያጠራ፣ "ፏፏቴ መጣች" ይላል። በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያዞረው ሰውዬ እንኳ ሳስቆመው "ከእርስዎ ልግዛ ወይስ ልሽጥልዎት?" ብሎኝ ሄደ።

ምንተስኖት፦ ሲጀመርም ማስረዳት ይችሉ ነበር እኮ። የሰጠንዎትን ካናቴራ ለብሰው ቢወጡ፣ ከእኛ ጋር የሠሩ መሆንዎን ሰዉ ያውቅ ነበር።

ትደነቅያለሽ፦ "እያንዳንዷ ጠብታ ሕይወት ናት" የሚለውን? ለብሼው ቦኖ ሄድኩ። የውብዳር አንዴ ፊት ለፊት፣ አንዴ ከጀርባ አነበበችውና "ይቺ ደግሞ ታሾፋለች!" ብላ ጀሪካኔን በእግሯ ገፋችው።

ምንተስኖት፦ እሺ፣ ተረጋግተን መፍትሔ እንፈልግ። ምን ቢሆን ይሻልዎታል?

ትደነቅያለሽ፦ ነገርኩህ። ካቆማችሁበት ቦታ ቀጥሉት። ስልኬን ጨርሼ ልመለስ፣ ቧንቧውን ልዝጋው፣ የተረፈውን ውሃ በሳፋ ይዤ ለእግር መታጠቢያ ላድርገው። እንዲያውም እኔ ቤት እውነተኛው ነገር እሱ ነው። ጎመን ያጠብኩበት ሩዝ ይታጠብበታል፣ ሩዝ የታጠበበት ሳህን ይለቀለቅበታል፣ ሳህን የተለቀለቀበት መጸዳጃ ቤት ይገባል። አንዱን ጣሳ አራት ጊዜ ነው የምጠቀምበት። ይህን ብትቀርጹ ሰው ይማር ነበር።

ምንተስኖት፦ አስቤበት ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን መመሪያው ላይ "መጀመሪያ መጥፎ አርአያ፣ ቀጥሎ መልእክት" ይላል። ደግሞ እንደገና ለመቅረጽ ውሃ ያስፈልጋል።

ትደነቅያለሽ፦ የውሃ መሥሪያ ቤት ውሃ አጣ?

ምንተስኖት፦ ቦቴው ሐሙስ ለሚመጡት እንግዶች ወደ ሆቴሉ ተመድቧል። ከክልል ነው የሚመጡት። ፊልሙን በአዳራሹ አይተው፣ ጥሩ ሆኖ ካገኙት በሌሎች ከተሞችም ያሳዩታል።

ትደነቅያለሽ፦ በሌሎች ከተሞችም?! አንተ ሰውዬ፣ እህቴ ጋ እንኳ ሄጄ እንዳልጠጣ ነው?

ምንተስኖት፦ እንደዚያ አይደለም...

ትደነቅያለሽ፦ እሺ ፊልሙ ይቅር። ደብዳቤ ጻፍልኝ። የውብዳር ራሷ ጠይቃኛለች። "በፊልም ተሸውደን ይሆናል፤ ከእንግዲህ ፊልም አናምንም፤ ማኅተም ያለው ወረቀት አምጪና እንመልስሻለን" ብላለች። አንድ መስመር ይበቃኛል። "በወይዘሮ ትደነቅያለሽ ቧንቧ ውሃ አይመጣም።"

ምንተስኖት፦ እሱ... ትንሽ ይከብዳል።

ትደነቅያለሽ፦ ምኑ? ይመጣል እንዴ?

ምንተስኖት፦ አይመጣም።

ትደነቅያለሽ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ምንተስኖት፦ መዝገቡ ላይ... ከአምና ጥምቀት ወዲህ።

ትደነቅያለሽ፦ ካቻምና ጥምቀት ነው። ግን ግድ የለም፣ የአምናውን ጻፈው።

ምንተስኖት፦ እትዬ ትደነቅ፣ እኔ ባውቀውም ቢሮው በደብዳቤ "ውሃ አይመጣም" ብሎ አይጽፍም። በሪፖርታችን የከተማው ሽፋን ዘጠና ሁለት በመቶ ነው። የእርስዎ ቤት ከዘጠና ሁለቱ ውስጥ ነው።

ትደነቅያለሽ፦ በምን ሒሳብ?

ምንተስኖት፦ ቧንቧ አለዎት።

ትደነቅያለሽ፦ ቧንቧማ አለኝ! ልብስ የማሰጣው በሱ ላይ ነው።

ምንተስኖት፦ ቧንቧው ካለ ተደራሽ ይባላል። ውሃው ሌላ ርዕስ ነው፤ የሌላ ክፍል ሥራ ነው። ከፈለጉ "በፈረቃ ያገኛሉ" ብዬ ልጻፍልዎት።

ትደነቅያለሽ፦ የውብዳር መጀመሪያ ምን ብላ እንደምትጠይቀኝ ልንገርህ? "ፈረቃሽ መቼ ነው?" ምን ልበላት? የሚቀጥለው ፊልም ሲሠራ?

ምንተስኖት፦ ያሳቁኛል፤ ግን እኔም ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር "ሕዝቡን አስተምራለሁ" እያልኩ ነበር። ይህ የመጀመሪያ ፊልሜ ነው። ሐሙስ ከተሳካ ሥልጠና እላካለሁ፤ ካልተሳካ ወደ ቆጣሪ ንባብ ይመልሱኛል። ያን ደብዳቤ ጽፌ እንግዶቹ እጅ ቢገባ የምኖር ይመስልዎታል?

ትደነቅያለሽ፦ አይ ልጄ፣ ይገባኛል። መዋረድ ምን እንደሆነ አሥራ አንድ ቀን ተምሬያለሁ፤ ያውም ያለ ዩኒቨርሲቲ። ለዚህ ነው ነገሩን ወደ ሰፈር ሳልወስደው መጀመሪያ ወደ አንተ ያመጣሁት።

ምንተስኖት፦ የትኛውን ነገር?

ትደነቅያለሽ፦ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ጋሽ ገድሉን ታውቀው የለ? በቀረጻው ቀን መስኮቱ ላይ ቆሞ ነበር። ከቧንቧዬ ውሃ ሲወጣ ሲያይ ደነገጠና ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። ለስብሰባው ማስረጃ ያቀረበብኝ እሱ ነው።

ምንተስኖት፦ ጎረቤትዎ?

ትደነቅያለሽ፦ ስብሰባው ላይ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ብቻ ነው ያዩት፤ ከዚያ በኋላማ ጩኸቱ መች ያስችላል። ትናንት ከቅዳሴ መልስ ብቻውን ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አየውና ፊቱ ቲማቲም መስሎ ቤቴ መጣ። "ትደነቅ፣ በድዬሻለሁ" አለኝ። ስልኬ ላይ ላከልኝ። እስቲ መነጽርህን አድርግ።

ምንተስኖት፦ ይሄ... እኔ ነኝ?

ትደነቅያለሽ፦ አንተ ነህ። ያው "ቁረጥ" ስትል። ሁሉም ካሜራውን ጥሎ ወደ ምሳ ሲሄድ። ቧንቧው እየፈሰሰ ነው፤ አየህ? አሁን ማን እየሮጠች መጣች?

ምንተስኖት፦ እርስዎ ነዎት።

ትደነቅያለሽ፦ ምን እያደረግኩ ነው?

ምንተስኖት፦ እየዘጉት ነው።

ትደነቅያለሽ፦ ቆይ፣ ድምፁን ከፍ ላድርገው። አሁን በአጥሩ በኩል ማን ተመልሶ መጣ? ምን እያለ ነው?

ምንተስኖት፦ እትዬ ትደነቅ፣ ይዝጉት፣ ሰው ይሰማል።

ትደነቅያለሽ፦ አይ፣ አንተ በለው። ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው፤ ግን ከአፍህ ልስማው።

ምንተስኖት፦ "እትዬ፣ አይዝጉት! ይፍሰስ፣ ከሰዓት በኋላ ጭቃው ያስፈልገናል።"

ትደነቅያለሽ፦ በቀጭኑ ድምፅህ ነው ያልከው። ማሽን የለበትም።

ምንተስኖት፦ ያኔ... ያሰብኩት ስለ ምስሉ ብቻ ነበር። ቦዩ ደረቅ ከሆነ ብክነቱ አይታይም ብዬ ነው። እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ እንዴት እንዳልኩት እንኳ አላስታውስም።

ትደነቅያለሽ፦ እኔ አስታውሳለሁ። ከፈትኩት። የተማረ ነው፣ ያውቃል ብዬ። ቦዩ ሥር በጣሳ እየቀዳሁ ሁለት ባልዲ ሞላሁ፤ እሱም ይታያል፣ ጎንበስ ያልኩት። ከዚያ ወዲያ ገና ሌላ ሁለት ደቂቃ አለው።

ምንተስኖት፦ ይበቃኛል። ይህን ለማን አሳዩ?

ትደነቅያለሽ፦ ለማንም። ጋሽ ገድሉ "ዛሬውኑ ለሰፈሩ ልበትነው" ሲለኝ "ተው፣ የሰው ልጅ ነው፣ መጀመሪያ እሱን ላናግረው" አልኩት። ሐሙስ የቦኖ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ያንተም እንግዶች ሐሙስ ናቸው። አዳራሹ ደግሞ አንድ ነው፤ እኛ በሦስት ሰዓት፣ እናንተ በአራት ሰዓት። ከእኛ ውስጥ ስብሰባው ቢያልቅም የማይነሳ ብዙ ነው።

ምንተስኖት፦ ያስፈራሩኛል?

ትደነቅያለሽ፦ ውሃ ነው የጠየቅኩህ። ያውም የራሴን ተራ። አራት ጀሪካን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ እንደ ሰው ተሰልፌ።

ምንተስኖት፦ እውነት አለዎት። በፊልሙ ውስጥ አባካኙ እኔ ነበርኩ። እስቲ ኮምፒውተሩን ልክፈተው። "ለቀጠና ሦስት የቦኖ ውሃ ኮሚቴ። ጉዳዩ፦ የወይዘሮ ትደነቅያለሽን የውሃ ሁኔታ ስለማሳወቅ።"

ትደነቅያለሽ፦ "የውሃ ሁኔታ" አትበል። ሁኔታ የለኝም። "ውሃ እንደሌላቸው" በል።

ምንተስኖት፦ "ውሃ እንደሌላቸው ስለማሳወቅ። በግለሰቧ ግቢ የሚገኘው ቧንቧ ከአምና..."

ትደነቅያለሽ፦ ከካቻምና።

ምንተስኖት፦ "...ከካቻምና ጥምቀት ጀምሮ ውሃ ያላገኘ ሲሆን፣ በፊልሙ ላይ የታየው ውሃ በቦቴ የመጣ፣ ቧንቧው ክፍት የተተወውም በአዘጋጁ ትእዛዝ መሆኑን እናረጋግጣለን።" ይሄው። የራሴን ጥፋት በራሴ እጅ ጻፍኩት።

ትደነቅያለሽ፦ ተባረክ። ከፊልሙ ይልቅ ይሄ ያስተምራል።

ምንተስኖት፦ ግን እትዬ፣ አይደሰቱ። ያለ ማኅተም ዋጋ የለውም። ማኅተሙ ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ዘጠና ሁለት በመቶውን በአፋቸው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ቢገድሏቸው አይፈርሙም።

ትደነቅያለሽ፦ ስገባ ደጅ ላይ የቆመችው ነጭ መኪና የሳቸው ናት አይደል? ግቢው እንዲህ አቧራ ለብሶ እሷ ታበራለች።

ምንተስኖት፦ የሳቸው ናት። ምነው?

ትደነቅያለሽ፦ ወረቀቱን አትምና ና፣ አብረን እንግባ። ያላየሃት የመጨረሻዋ ሁለት ደቂቃ ላይ ሾፌራቸው የውሃ ጎማውን ከቧንቧዬ ላይ ነቅሎ የሚያጥበው እሷን ነው።