የኦቾሎኒው መጠቅለያ
ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። አንድ ቀን ከገበያ ኦቾሎኒ ገዝቼ መጠቅለያውን ብፈታው፣ የአንዲት ያገሬ ልጅ የደም ምርመራ ውጤት ከነስሟ፣ ያውም የእኛው ክሊኒክ ወረቀት! ለካ ሐኪማችን አሮጌ ወረቀት በሙሉ ለኦቾሎኒ ሻጯ እንዲሰጥ አዞ ኖሯል። ደሜ ፈላ፤ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። «ዶክተር፣ ይህ የእህትዎ ቢሆንስ?» አልኩት።

እስከ ታች አነበበው። «ወላሂ፣ አላሰብኩትም። ምን ይሻላል?»

«ባዶ ፎርሙና የድሮ የዋጋ ዝርዝሩ ለሻጯ ይሂድላት። የሰው ስም ያለበት ግን ይቃጠል።»

ከሻጯ እጅ የቀረውን በባዶ ወረቀት ለውጬ መለስኩ። ከዚያ ከሐኪሙ ጋር ወረቀቱን ስንለይ ዋልንና ስም ያለበትን ጓሮ በርሜል ውስጥ ከመርነው፤ ክብሪቱን ራሱ ሐኪሙ ጫረ። «ኸላስ፣ በቃ! ከእንግዲህ አንቺ ሳታዪው ከዚህ ቤት አንድም ወረቀት አይወጣም» ሲለኝ፣ እልልታዬን አቀለጥኩት።