ብርድ የማይወደው ካምቢዮ

በታኅሣሥ ብርድ፣ ገና በጠዋቱ፣ ከመካኒሳ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አብሮኝ ተሳፍሮ ከፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ አጠገቡ ላሉት እናት ስለ መኪናው ያወራል።

«ከፈረንጅ የገዛሁት አውቶማቲክ ነው፤ ማርሹን ራሱ ይቀይራል። በብርድ ግን የካምቢዮው ዘይት ይወፍርና ሞተሩ ቢጮህ ቢጮህ ማርሹ አይቀየርም። ፈረንጁ ይህን አልነገረኝም።»

«ታዲያ ምን ታደርገዋለህ?»

«ከሥሩ የከሰል ምድጃ እከትለታለሁ።»

«እሳት? ቤንዚን በሞላ መኪና ሥር?»

«ፍም ብቻ ነው፣ እናቴ። ሩብ ሰዓት ካገኘ ዘይቱ እንደ ቅቤ ይቀልጣል።»

«በስመ አብ! አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም? ቤትህ ሰው የለም?»

«ባለቤቴማ ትጮህብኛለች። ለዚህ ነው ዛሬ እሷም ልጆቹም ሳይነቁ የከተትኩለት።»

«ታዲያ አሙቀኸው ስታበቃ ለምን በታክሲ መጣህ?»

«እስኪሞቅ መጠበቅ ሰለቸኝ። ሥራ ሲረፍድብኝ ጊዜ ትቼው ወጣሁ።»

«ምድጃውንስ?»

ጎልማሳው ዞሮ ወደ መጣንበት አየ።

«ልጄ፣ ምድጃውን አውጥተኸዋል?»

«ወራጅ! ወራጅ አለ! ኧረ አቁመው በእናትህ!»

እኔም ታክሲው ታጥፎ ሰፈሩ እስኪሰወርብኝ ድረስ በኋላው መስታወት ከመካኒሳ ሰማይ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።